አንድ ጊዜ ብቻ የተቀዳ ደም

ቢሌ ጥርሰ ሸራፋ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ጥርሱን የሸረፉት ፍየሎች ናቸው። በድሬዳዋ አንድ ምርምር ቤት ለዓመታት ፍየል ያዥ ነበር። ለምርመራ የሚውለው ሁለተኛ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለት የበሽታውን ጀርም የሚይዘውን የመጀመሪያውን፣ የአይጡን ፀረ እንግዳ አካል አሳድዶ ይዞ በቀለም የሚያሳየው፣ ያኔ ከፍየል ደም ነበር የሚወጣው። ፍየሎቹ አንገታቸው እየተወጋ በየጊዜው ይቀዳሉ፤ በስተመጨረሻም ደማቸው ተሟጥጦ ይጣላሉ።

ተመራማሪዋ ሶፊ ስትመጣ፣ "ጋሼ ቢሌ፣ የፍየሎቹ መከራ ሊያበቃ ነው" አለችው። የአይጥ ፀረ እንግዳ አካል በመርፌ ከተሰጠው ግመል ደም ናኖቦዲ የምትባል፣ የፍየሉን ፀረ እንግዳ አካል የምትተካ ደቃቅ ነገር ትገኛለች፤ ንድፏ ለባክቴሪያ ይሰጥና ባክቴሪያው እያባዛ ይሠራታል።

"ባክቴሪያው ቀንድ አለው?"

"የለውም።"

"እንግዲያስ እሱንም እይዝልሻለሁ።"

ደስ ብሎት ከከተማው ወጣ ብሎ ቢዮ አዋሌ ያለውን ግመሉን ሰጠ፤ እናቱን ጅብ በልቷት በጡጦ ያሳደገውን፣ ከታናሽ ወንድሙ ከዐብዲራዛቅ ጋራ የሚጋራውን።

ግመሉ መርፌውን ለሳምንታት ከተወጋ በኋላ፣ ደሙ የሚቀዳበት ቀን ወንድ ግመል ሴት በሚፈልግበት ወራት ላይ ዋለ። ግመሉ አረፋ ይደፍቃል። ሶፊ ብናቆየውስ ብትለው፣ "አቦ፣ እኔን እኮ ያውቀኛል" አላት። አንበርክኮ ጉልበቱን ሲያስረው ግን ግመሉ ዞሮ ግራ እጁን ነከሰ። አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ሁለት ጣት አሸዋው ላይ ወደቀ።

ዐብዲራዛቅ መጥረቢያ ይዞ መጣ። ቢሌ እጁን በሽርጡ ጠቅልሎ ከግመሉ ፊት ተገተረ።

"ወላል፣ ወንድሜ፣ ዞር በል።"

"ደሙ አልተቀዳም። መጀመሪያ እኔን ምታ።"

"ዛሬ ጣትህን በላ፤ ነገ የልጄን አንገት ነው የሚይዘው።"

"ይፈልጉታል እኮ! የምርምር ቤት ግመል ነው።"

ዐብዲራዛቅ መጥረቢያውን ሳያወርድ ጠበቀ። ሶፊ ከግመሉ አንገት ደሙን ቀዳች።

"ሌላ ቀንም ትመጫለሽ?" አላት ዐብዲራዛቅ።

ቢሌ አዎ እንድትል ዐይን ዐይኗን አያት። እሷ ግን ቢሌን ያጽናናች መስሏት፣ "የለም፣ ከእንግዲህ አናስቸግረውም። ይህቺ ትበቃለች፤ የቀረውን ባክቴሪያው ይሠራዋል" አለች።

"ሰማህ?" አለ ዐብዲራዛቅ። ቢሌን በትከሻው ገፍትሮ መጥረቢያውን በግመሉ የኋላ እግር ላይ አሳረፈው። ግመሉ እያጓራ ሊነሣ ሞክሮ በጎኑ ወደቀ። ዐብዲራዛቅ ለሁለተኛው ሲሰነዝር ቢሌ ክንዱን ያዘው።

"ተው፣ በመጥረቢያ አይደለም። ቢላዋህን ስጠኝ።"

በደህናው እጁ ተቀበለው። ቢስሚላሂ ብሎ፣ ያሳደገውን ግመል ከአንገቱ ሥር ወጋው። ደሙ ደረቱን እስኪያለብሰው ድረስ ቢላዋውን አልነቀለም። መንፈራገጡን እስኪተውም ከላዩ አልተነሣም፤ ወደ ሐኪም ቤት የወሰዱት ከዚያ በኋላ ነው።