ከመዝሙሩ ሥር የነበረው ድምፅ

ዙሪክ፣ አፎልተርን ሰፈር ባለችው ትንሽ ጉባኤያችን ስብከት የምቀርፀውና የማቀናብረው እኔ ነኝ። እንጀራዬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መደርደር ቢሆንም፣ ላፕቶፕ ፊት ስቀመጥ ራሴን እንደ ሐኪም ነበር የማየው። የተበላሸ ቪዲዮ ሲመጣልኝ በሽተኛው ፋይሉ ነው፤ ይዞት የመጣው ሰው አስታማሚ ነው። አስታማሚን ደግሞ ማን ልብ ይላል?

አንድ ጊዜ የጄኔቫ ምእመናን ለጋራ ጸሎት ሲመጡ፣ ዲፕሎማት ቤት የምትሠራ አንዲት እህት ፍላሽ ሰጠችኝ። እናቷ አዲስ አበባ ሲሞቱ አልሄደችም። የመኖሪያ ካርዷ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ ስለነበር፣ ማዳሟ "ከሄድሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ" ስትላት ቀረች። ፍላሹ ላይ ያለው፣ ወንድሟ የእናታቸውን የመጨረሻ ቀናት ቀርጾ ስቱዲዮ ያሠራው የመታሰቢያ ቪዲዮ ነበር።

"የእማዬ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን መዝሙር ብቻ ነው" አለችኝ። "ድምፅዋን አውጣልኝ ወንድሜ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከንፈሯን ብቻ ነው የማየው።"

ቤቴ ገብቼ ፋይሉን መቀየሪያ ሶፍትዌር ውስጥ ከተትኩት። ምስሉንና ድምፁን ላለያይ ስል ግማሽ ላይ እየደረሰ ይቆማል። በሌላ ሶፍትዌር ስከፍተው ሁለት የድምፅ ትራክ እንዳለው አየሁ። የስቱዲዮው ባለሙያ መዝሙሩን አንደኛው ላይ ጭኖ፣ ዋናውን ድምፅ ሳያጠፋ ሁለተኛው ላይ ትቶታል። ማጫወቻው የሚያነበው አንደኛውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ለብቻው አወጣሁት፤ ከምስሉ ጋር ሳገጥመው ግን እየቆየ ይንሸራተታል። መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው። የምስሉ ፍጥነት ወጥ አልነበረም። ወጥ አደረግሁትና እንደገና ቀየርኩት።

ከሥራ መልስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እነዚያን ከንፈሮች መቶ ጊዜ ሳላያቸው አልቀርም፤ "መ" ወይም "በ" ሲሉ ይገጥሙ እንደሆነ ብቻ ነበር የምከታተለው። ምን እንደሚሉ አልሰማሁም። መስማት ሥራዬ አልነበረም።

እሑድ ከሰዓት ጄኔቫ ሄድኩ። ለዛቫንሼ በሚባለው ሰፈር በተከራየቻት ክፍል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ላፕቶፑን ፊቷ አስቀምጬ "በይ ስሚ" አልኳትና ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው ቆምኩ።

"መጣች?" አሉ እናትየው በደከመ ድምፅ።

"አልመጣችም እማዬ" አለ ወንድሟ ከካሜራው ጀርባ።

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"አልመጣም ብላለች። ሥራዬ ይበልጥብኛል አለች።"

ሴትዮዋ "እንዲህ አለች?" አሉ።

ከንፈሩና ድምፁ ቅንጣት ሳይዛነፉ ገጠሙ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት እሱን ነው። ያሉትን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አላለቀሰችም። ስልኳን አንስታ እኔ እንደቆምኩ ወንድሟ ጋ ደወለች፤ ድምፁን ከፍታ ለቀቀችው።

"እኔ አልመጣም አልኩ?"

ወዲያው ገባው። "አንቺን ስትጠብቅ ነፍሷ አልወጣ አለች" አላት። "ስቃይዋን አንቺ አላየሽም። ቁርጡን አውቃ እንድታርፍ ነው ያልኳት። በማግስቱ አረፈች።"

"በእኔ ስም?"

"እና በማን ስም? የምትጠብቀው አንቺን አልነበር!"

ስልኩን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች። "የእሱን አጥፍተህ የእሷን ብቻ ልትተውልኝ ትችላለህ?"

"እሱ የተናገረበትን ጸጥ ላደርገው እችላለሁ" አልኳት። "'እንዲህ አለች?' የሚለው ግን የእሳቸው ስለሆነ አይጠፋም።" ይህን ያልኩት በዚያው በባለሙያ ድምፄ ነው፤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

"አንተ ሰምተኸው ነበር?"

"አልሰማሁም።"

"ሦስት ቀን ይዘኸው?"

"ድምፁን ከምስሉ ጋር እያገጣጠምኩ ነበር።"

"ታዲያ ገጠመልህ?" አለችኝ።

ላፕቶፔን ይዤ ወጣሁ። በሳምንቱ፣ ሳትጠይቀኝ፣ ምስሉን ብቻ ያለ ምንም ድምፅ አዘጋጅቼ በፖስታ ላክሁላት። ሳይከፈት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የጄኔቫ ሰዎች ለጸሎት ሲመጡ እሷ የለችም። ከወንድሟም ጋር መነጋገር እንዳቆመች አንዲት ጓደኛዋ ነገረችኝ። "ምን እንደነካት አናውቅም፤ እንጸልይላት" አለችኝ። አብሬያት ጸለይኩ፤ የማውቀውን ግን አልነገርኳትም።