«ጥቂት ፈክቷል» ብዬ የጻፍሁበት ዓርብ

ኅዳር 11 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሆሳዕና በሚገኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ወረፋ እጠብቅ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ጥርሷ ቡናማ የሆነ ወጣት ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ «አባባ፣ ትኩስ ፍራፍሬ መብላት ጥርስን በተፈጥሮው ያጸዳል፣ ያነጣልም ይላል። እውነት ነው?» አለችኝ። መልሱ አጭር ነው፤ ነገር ግን ለመመለስ አልቸኮልሁም። ይህንኑ ጥያቄ በወጣትነቴ አንዳች ሳላመነታ መልሼው ነበርና።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁበት ዓመት ቦኖሻ በምትባል ትንሽ ከተማ የሳይንስ መምህር ሆኜ ተመደብሁ። ዝናቡ አብቅቶ መንገዱ ማቦነን የጀመረበት፣ የገበያው መሬት በሸንኮራ ልጣጭ የሚሸፈንበት ወቅት ነበር። ማርታን ያወቅኋት እዚያ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከአክስቷ ጋር ዘይቱንና ብርቱካን ትሸጣለች። ጤና ረዳት ለመሆን ተወዳድራ የጽሑፉን ፈተና ብታልፍም በቃለ መጠይቁ ወድቃለች። ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ «የራስሽን ጥርስ ሳታጸጂ ሰውን ስለ ንጽሕና ልታስተምሪ ነው?» ብሏት ነበር። ልጅቱ መፋቂያ ከእጇ አይለይም፤ ጥርሶቿ ግን ሻይ የፈሰሰባቸው ይመስል ቡናማ ነበሩ። ስትናገር አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች።

ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ሁለት ወር ሲቀረው እኔን አማከረችኝ። ጠንከር ያለ ትኩስ ፍሬ ሲታኘክ ጥርስን እንደሚፈገፍግ፣ ጭማቂው እድፉን እንደሚያለቅቅ በሙሉ ልብ አስረዳኋት። የአክስቷም፣ የግማሾቹ ተማሪዎቼም ጥርስ እንደዚያው ነበር። ለምን እንደሆነ አለመጠየቄ ዛሬም ያሳፍረኛል።

አክስቷ ብቻ አላመኑኝም። «ኧረ መምህር! ፍየሎቼ ዓመቱን ሙሉ የብርቱካን ልጣጭ ሲቆረጥሙ ነው የሚውሉት። የማንኛዋ ጥርስ ነጣ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

ማርታ ጠዋትና ማታ ዘይቱን ትበላለች፤ ብርቱካን በአፏ ይዛ ትቆያለች። በየሳምንቱ ዓርብ የቤቴ ደጃፍ ላይ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራ ትቆማለች፤ እኔም ያየሁትን በደብተር እመዘግባለሁ። አምስት ዓርብ «ለውጥ የለም» ብዬ ጻፍሁ። በስድስተኛው ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ መጣች፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ጥርሷን እንደሚጠዘጥዛት ነገረችኝ።

«ዛሬስ መምህር?» አለች።

ምንም አልተለወጠም ነበር። አንጀቴ አልችል ብሎ «ጥቂት ፈክቷል» ብዬ ጻፍሁ። ጎንበስ ብላ አነበበችውና ሳቀች። እጇን አፏ ላይ ሳታደርግ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው።

ከቃለ መጠይቁ ተመልሳ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«እንዳለፈው አልተሸፋፈንሁም መምህር። እየሳቅሁ ነው የመለስሁላቸው።»

«እሺ፣ ምን አሉሽ?»

«ያንኑ። ታጥበሽ ነይ አሉኝ።» ከቦርሳዋ ብርቱካን አወጣች። «እነሱ አላስተዋሉትም እንጂ ፈክቷል አይደል? ደብተሩን ይዤ መሄድ ነበረብኝ።»

አልፈካም፣ ዋሽቼሻለሁ ልላት ሞከርሁ። ግን «አይዞሽ» ብቻ ብያት ቀረሁ። ብርቱካኑን ሰጥታኝ ሄደች።

ከዓመታት በኋላ አንድ የውሃ ጉድጓድ ባለሙያ ነገሩን አስረዳኝ። በቦኖሻ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚሉት ማዕድን ይበዛል፤ በልጅነት፣ ጥርስ ከድድ ሳይወጣ ገና ሲሠራ ይገባበታል። ያ ቀለም እድፍ አይደለም፤ ፍራፍሬም መፋቂያም አያስለቅቀውም። ይህን ስሰማ እኔ ከቦኖሻ ተዛውሬ ነበር፤ ማርታም ወደ ሾኔ ሄዳለች ከማለት በቀር አድራሻዋን የሚያውቅ አላገኘሁም።

ለወጣቷ፣ «ፍራፍሬውን ለጤናሽ ብዪው፤ አያነጣውም። ብርቱካንና ሎሚ አፍሽ ውስጥ ይዘሽ አትቆዪ፣ ይጎዳሻል። የቀለሙን ምክንያት ሐኪሙ ይየው» አልኋት። «እሺ አባባ» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ሰምታኝ ይሁን ለአክብሮት ያህል ብላው መለየት አልቻልሁም። ትክክለኛውን መልስ ማወቅ ለሰው ከማድረስ ጋር አንድ እንዳልሆነ በዚህ ዕድሜዬ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን የሚያቃልልልኝ ነገር የለም።

ማርታ ጥርሷ ቆሽሾ እንደማያውቅ የነገራት ሰው ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም።