የፍሬን ዘይት የጠፋበት ሳምንት

የባለቤቴ ቀኝ እጅ የተጎዳው ክሪኩ አዳልጦ የጭነት መኪና ሲያርፍበት ነው። ሐኪም ቤት ሦስት ጣቶቹን ቆረጡት፤ የቀሩት ሁለቱ መፍቻ መጨበጥ አልቻሉም። እኔ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበርኩ። ነቀምቴ ውስጥ፣ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮ የለበሰች ትንሽ ጋራዥ ነበረችን። ከሐኪም ቤት በወጣ በሳምንቱ ጋራዡን የሚገዛ ሰው ሊፈልግ ካፖርቱን ሲደርብ፣ ቱታውን ከምስማሩ አውርጄ ለበስኩና በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ምን መሆንሽ ነው?» አለኝ።

«አንተ ትነግረኛለህ፣ እኔ እፈታለሁ።»

ሳቀ። ቱታው ሰፍቶኝ እጅጌው ጣቶቼን ውጦ ነበር። ሳቁን ሳይጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለው።

ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረኝ ዘይት መለየት ነው። ዓይኔን ያስጨፍነኝና ጣቴን እያስነከረ «ይኼስ?» ይለኛል። አዲስ የሞተር ዘይት በሁለት ጣት መካከል እንደ ማር ይሳባል። የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ነው፤ እንደ ከረመ እንቁላል ይሸታል። ግራሶን ማንም አይስተውም። የፍሬን ዘይት ግን ቀጭን ነው፤ ቁስል ካገኘ ያቃጥላል፣ የመኪና ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይልጠዋል። የሞተር ዘይት ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ እሱ ከውሃው ጋር ይዋሃዳል። «ይኼ ከመሬት የወጣ አይደለም፤ ሰው በፋብሪካ የቀመመው ነው» ይል ነበር ባለቤቴ። «ስሙን ዘይት አሉት እንጂ ዘይትነት የለውም።»

በስድስት ወር ውስጥ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እየነገረኝ፣ እኔ መኪና ሥር ተጋድሜ ሞተር አወርድ ጀመር። ከተማው አልወደደውም። እኔ የአርጆ ልጅ ነኝ፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አንድ ቀን ባርኔጣቸውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ ሴት የወንድ ልብስ አትልበስ ተብሎ ተጽፏል» አሉኝ።

«ኦቦ» አልኳቸው፣ «በቀሚስ ሆኜ በጀርባዬ መኪና ሥር ብገባ ይሻላል?»

ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። ሲሄዱ ግን አንድ ጋሎን የተቃጠለ ዘይት ለምነውኝ ሄዱ፤ የቤታቸውን ምሰሶ ምስጥ እየበላባቸው ነበር። ወለጋ ውስጥ ምስጥ ያልበላው ቤት የለም። ከመኪና የሚወጣውን ጥቁር ዘይት የማይፈልግ ሰው አልነበረም። ገበሬው ምሰሶ ከመትከሉ በፊት ሥሩን ይቀባበታል፤ የወፍጮ ቤቱ ሰው ለበሩ ማጠፊያ ይወስዳል። ለቁስልና ለቋቁቻ የሚፈልጉትም ነበሩ፤ ለእነዚያ አልሰጥም። አንዷ «ለእንጨት ሰጥተሽ ለልጄ ትነሺኛለሽ?» ብላ ሰደበችኝ። «ልጅሽ እንጨት ስላልሆነ ነው» አልኳትና ሐኪም ቤቱን አሳየኋት። ያኔም ሆነ በኋላ፣ እምቢ ማለት የሥራው ግማሽ እንደሆነ ገባኝ።

የማወራው ግን ስለ አንድ ጥቅምት ነው። ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ጥሎ በአኖ በኩል መንገዱን ጎርፍ ቆረጠው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ቆመ። የቡናው ለቀማ ደግሞ ደርሷል፤ ነጋዴው ሁሉ መኪናውን ወደ ጊምቢ ለመላክ ይጣደፋል። በዚያው ሳምንት የአንድ ትልቅ ቡና ነጋዴ የጭነት መኪና እኛ ጋ ገባ። ሾፌሩ የጎጃም ሰው፣ ሽበት የወረረው፣ ቁጥብ ነው። «የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ይሰምጣል እቴ» አለኝ።

ስከፍተው የፍሬኑ ፓምፕ ውስጥ ያለችው ጎሚኒ፣ ዘይቱን ገፍታ ወደ ጎማዎቹ የምትልከው ትንሽ ክብ ጎማ፣ ተበልታለች። ዘይቱ ፈስሶ አልቋል። አዲስ ጎሚኒ ነበረን። የፍሬን ዘይት ግን በጣሳችን ውስጥ የቀረው አንድ ሲኒ ቢሞላ ነው፤ ለአንድ እግር፣ ለአንድ ጎማ ማለት ነው፣ እንኳ አይበቃም። ከተማውን ዞርን። የለም።

በማግስቱ ማለዳ ነጋዴው ራሱ መጣ። ነጭ ጋቢ ለብሷል፤ ጭቃው እንዳይነካው ጫፉን ሰብስቦ ይዟል።

«ያ በርሜል ምንድን ነው?» አለ በጣቱ እያሳየ።

«የሞተር ዘይት ነው።»

«ታዲያ ምን ቸገራችሁ? ከእሱ ጨምሩበትና ልሂድ። ዘይት ዘይት ነው።»

«አይሆንም ጌታዬ» አልኩ። «የሞተር ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ዛሬ ይይዝልዎታል። ሲያብጥ ግን ወይ ይዞ አይለቅም፣ ወይ ጭራሽ አይዝም። ዴዴሳ ቁልቁለት ላይ ከሆነ አለቀ።»

የዴዴሳን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከወዲያ ወርዶ ከወዲህ እስኪወጣ ድረስ ሰው የሚጸልይበት መንገድ ነው። በዚያ ላይ ይህ መኪና ባዶውን አይሄድም፤ ሰላሳ የሚሆኑ ለቃሚዎች ከነቅርጫታቸው ላዩ ላይ ይሳፈራሉ።

ነጋዴው ወደ ባለቤቴ ዞረ። «አንተ ሰውዬ! ከሴት ጋር ነው የምከራከረው?»

ባለቤቴ ከበርጩማው አልተነሳም። «እጅ ያላት እሷ ናት» አለው።

«ሌላ ቦታ ሲያደርጉት በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እዚያ ይውሰዱታ» አልኩት። «ፓምፑን ባዶውን እገጥምልዎታለሁ፣ በበሬ አስጎትተው ይውሰዱት። በሞተር ዘይት ሞልቼ ግን ሰው አላሳፍርበትም።»

ሾፌሩ መሬት መሬት ያያል። ነጋዴው ጋቢውን እየጎተተ ወጣ፤ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ፖሊሶች መጥተው «ጣቢያ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። ፓምፑን በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩ። ባለቤቴ አብሮኝ ሄደ። ቱታዬን አልቀየርኩም፤ ሥራዬን ለብሼ ነው የምሄደው ብዬ።

የጣቢያው አዛዥ ጠረጴዛ አጠገብ፣ አማርኛ ለማይችል ባላገር የሚያስተረጉም ጸሐፊ ተቀምጧል። ነጋዴው ወንበር ተሰጥቶታል። እኔ ቆሜያለሁ።

«የሰው ንብረት ይዘሽ እምቢ ብለሻል አሉ» አለኝ አዛዡ።

«ንብረቱን አልያዝኩም። ሥራውን ነው እምቢ ያልኩት።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«መኪናው የእሳቸው ነው። እጁ የእኔ ነው።»

«አማርኛሽ ደህና ነው፤ ምላስሽ ግን ረዘመ። አሁን ሄደሽ፣ የታዘዝሽውን ዘይት ሞልተሽ፣ መኪናውን አስረክቢ። ትእዛዝ ነው።»

«ሂን ታኡ!» አልኩ። ሳላስበው በእናቴ ቋንቋ አመለጠኝ። ጸሐፊው ልማድ ሆኖበት «አይሆንም ነው የምትለው፣ ጌታዬ» ብሎ አስተረጎመ። ጸሐፊው ምን እንደሠራ ሲገባው እርሳሱ ላይ አቀረቀረ።

ከአፌ ካመለጠኝ ወዲያ መመለስ የባሰ መሰለኝ። «ሁለት ብርጭቆ ይስጡኝ» አልኩ። «እስከ ነገ እኩለ ቀን ጊዜ ይስጡኝ። እኔን ካላመኑ ጎሚኒውን ይመኑ።»

አዛዡ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። የራሱ ጂፕ ነበረው፤ ነገሩ ሳያጓጓው አልቀረም። ባለቤቴ ጋራዥ ደርሶ ከአንድ ካርቶን ሁለት አዲስ ጎሚኒዎችና ዘይቶቹን ይዞ መጣ። ሁለቱን ጎሚኒዎች ደራርቤ አሳየኋቸው፤ ልክ ለልክ ናቸው። በፓምፑም ውስጥ አስገብቼ አወጣኋቸው። አንዷን የሞተር ዘይት ውስጥ ነከርኩ። ሌላዋን ያቺ በሲኒ የቀረችን የፍሬን ዘይት ውስጥ። አዛዡ ብርጭቆዎቹን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«እስከዚያ ድረስ ከዚህ ንቅንቅ አትዪም» አለኝ።

እዚያው አደርኩ። ጸሐፊው አግዳሚ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ያስጨነቀኝ መታሰሩ አልነበረም። ጎሚኒ በሞተር ዘይት ሲያብጥ እኔ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ባለቤቴ ነው የነገረኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ እሱም እርግጠኛ አልነበረም። ባያብጥስ? ባያብጥም አልሞላም አልኩ ለራሴ። ግን ቢያብጥ እንዴት ደስ ባለኝ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነጋዴውም ሾፌሩም ተጠርተው መጡ። አዛዡ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ጎሚኒዎቹን በእርሳስ አወጣና ወረቀት ላይ አኖራቸው። መናገር አላስፈለገኝም። ከፍሬን ዘይቱ የወጣችው እንደነበረች ናት። ከሞተር ዘይቱ የወጣችው ውሃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ ተነፍታለች፤ ስትነካ ትለሰልሳለች። አዛዡ የመጀመሪያዋን ፓምፑ ውስጥ ከተታት፤ ገባች። ሁለተኛዋን ሞከረ። በአውራ ጣቱ ገፋት። ታጠፈች እንጂ አልገባችም።

«ተንኮል ነው!» አለ ነጋዴው። «ቀይራዋለች።»

«ከእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ?» አለ አዛዡ። ድምፁ ተቀይሯል። ወደ ሾፌሩ ዞሮ «አንተ በዚህ ትነዳለህ?» ሲል ጠየቀው።

ሾፌሩ ባርኔጣውን አወለቀ። ጌታውን ሳይሆን እኔን አየኝ። «አልነዳም። ትናንትም አልነዳም ነበር» አለ። «ስድስት ልጆች አሉኝ ብዬ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ እቴ።»

አዛዡ መኪናው ዘይቱ እስኪመጣ ይቁም አለ። እኔን «ሂጂ» አለኝ።

«ያደርኩት በምን ጥፋት እንደሆነ ይጻፍልኝ» አልኩት።

«ሂጂ አንቺ ሴትዮ፣ ሳልቆጣ!»

ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝ። ሄድኩ፤ ግን ጫማዬን ቀስ ብዬ አስሬ፣ ፓምፑን ቀስ ብዬ ጠቅልዬ፣ ብርጭቆዎቹንም አጥቤ መልሼ ነው የሄድኩት።

በአምስተኛው ቀን መንገዱ ለእግረኛና ለበቅሎ ተከፈተ። ሾፌሩ አኖ ድረስ በበቅሎ ሄዶ ከጎርፉ ማዶ ከደረሰው የመጀመሪያ አውቶቡስ ላይ ሁለት ጣሳ የፍሬን ዘይት ተቀበለ። ባለቤቴ ፔዳሉን በእግሩ ሲረግጥልኝ፣ እኔ ከሥር ሆኜ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ አየሩን አስወጣሁ። በአራቱም እግር ንጹሕ ዘይት ሲመጣ ባለቤቴን «ረገጥ አድርገው» አልኩት። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ቆመ። ለቃሚዎቹ ተጭነው እየዘፈኑ ሄዱ። ዴዴሳን ወርደው ወጡ። ከሳምንታት በኋላ መኪናው ቡና ተጭኖ ተመለሰ። ምንም አልሆነም። ምንም ያልሆነ ነገር ደግሞ ወሬ የለውም፤ ማንም አላነሳውም።

የተነሳው ሌላ ወሬ ነው። ነጋዴው ለወዳጆቹ ሁሉ እዚያች ሴት ጋ መኪና አታስገቡ አለ። በዚያ በጋ ኑሮ ጠበበን። ብስክሌት ጠገንን፤ የወፍጮ ሞተር ዘይት ለመቀየር በእግሬ እስከ ገጠር ሄድኩ። እናቴ ከአርጆ መጥታ «ከትልቅ ሰው ጋር ምን አጋጨሽ?» ብላ አለቀሰችብኝ። መጸጸት ግን አልመጣልኝም። ብፈልገውም አልመጣልኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ሾፌሩ ያንኑ መኪና ይዞ በር ላይ ቆመ። «ጌታው ፍሬኑን ብቻ ይዩልኝ ብለዋል» አለኝ።

«ራሳቸው ይምጡ» አልኩት።

«እቴ...»

«ራሳቸው ይምጡ።»

በሦስተኛው ቀን ነጋዴው መጣ። ዣንጥላ ይዞ፣ ከበሩ ውጭ ቆሞ፣ ባለቤቴን ሰላም አለና ወደ እኔ ዞረ። «ፍሬኑን እዪልኝ» አለ። ይቅርታ አላለም። እኔም አልጠየቅሁም። አራቱንም እግር ፈታሁ፣ ጎሚኒዎቹን አየሁ፣ ዘይቱን በጣቴ ፈተንኩ።

«ደህና ነው። ምንም አይቀየርም» አልኩት።

ሌላ ነገር የምናገር መስሎት ትንሽ ቆመ። ወረፋ የሚጠብቅ አንድ የወፍጮ ሞተር ነበረ፤ እጄን በጨርቅ ጠርጌ ወደዚያ ሄድኩ።