አራት መምህራን ያዩት ደብተር

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ ከሁሉ ቀድሜ የጨፈርኩት እኔ ነኝ። መምሪያው ትምህርቶች ይተሳሰሩ ይላል። ሴቻ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤታችን ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ከኬሚስትሪ፣ ከታሪክና ከኢኮኖሚክስ መምህራን ጋር ተስማምተን ለዘጠነኛ ክፍል አንድ የጋራ ሥራ ሰጠን። ተማሪው ከአካባቢው አንድ ነገር መርጦ በአራቱም ትምህርት ዓይን ያጥናው፣ አራታችንም ከየትምህርታችን ማርክ እንይዝለታለን አልን። «እንዳትከፋፍሉት፤ አንድ ሥራ፣ አንድ ደብተር» እያልኩ ጠረጴዛ ደበደብኩ። አይ አፌ!

ልጆቹ ከእኛ ብልጥ ናቸው። ስለ ጫኖ ሙዝ አንድ ገጽ ጽፈው፣ አራት ቦታ ገልብጠው፣ ለየመምህሩ አንዳንድ ቅጂ አስረከቡ። ቃሌን ያመነች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች።

ከደጋው መንደር ከኦቾሎ የመጣች ናት። ሴቻ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ አገሯ ወጥታ እሑድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። አባቷ ሸማኔ ናቸው። ዘንድሮ ከወደቀች ትምህርቱ ቀርቶ ጥጥ ልትፈትል እንደምትገባ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ።

የመረጠችው አባቷ የሚሸምኑትን ባለ ብዙ ቀለም ጥለት ልብስ፣ ዱንጉዛን ነው። እዚያ ሴት ትፈትላለች እንጂ ለሽመና አትቀመጥም። እሷም ከሽመናው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሆና፣ አባቷ እየሸመኑ የክሩን ቁጥር በጋሞኛ ሲጠሩላት እየጻፈች ከረመች። ጥለቱ በስንት ክር እንደሚደጋገም ቀመር አወጣችለት። ክሩን ቀቅላ ቀለሙ ለምን እንደሚለቅ መረመረች፤ ቀድሞ ማን ይለብሰው እንደነበር ሽማግሌ ጠየቀች፤ ገበያውንም አልረሳችም። እውነቴን ነው፣ ደብተሩን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በአስተማሪነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም።

«በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩበትና ለኬሚስትሪዋ መምህርት ሰጠኋት። እሷም ጽፋ ለታሪኩ፣ እሱም ለኢኮኖሚክሱ አሳለፈ። ደብተሩ መጨረሻ የደረሰው ሰው ማርኩን ለአራታችንም ይሞላል ብዬ ገመትኩ። እነሱ ደግሞ ሐሳቡን ያመጣው እኔ ስለሆንኩ እኔ የምሞላ መስሏቸዋል። ማርክ መሙያው ላይ የየትምህርቱ ዓምድ እንጂ የጋራ የሚባል ዓምድ የለም። የገልባጮቹ ማርክ በየቦታው ገባ፤ የእሷ አራት ቦታ ባዶ ቀረ። ባዶ ደግሞ ዜሮ ነው፤ ዓመቱን ወደቀች።

ይህን ያወቅሁት ካርድ ከተሰጠ ከሳምንት በኋላ ነው፤ ደብተሩ ኢኮኖሚክስ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ጮህኩ። ውጤት ጸድቆ ከተላከ አይነካም አሉኝና ማርክ መሙያው ሥር ያለውን የራሴን ፊርማ አሳዩኝ። አራታችንም ማመልከቻ ጻፍን። መልስ አልመጣም።

ደብተሩን ይዤ ኦቾሎ ወጣሁ። ልጅቱ ደጃፉ ላይ እንዝርት ይዛ ትፈትላለች፤ አባቷ ከውስጥ ይሸምናሉ። እንድቀመጥ ዱካ ሰጡኝ። ልጅቱ ደብተሯን ስታይ ተቀብላኝ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች።

«ቲቸር፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

«የትም አልተሳሳትሽም።»

«ታዲያ ለምን ወደቅኩ?»

አባቷ መወርወሪያውን አቁመው ቀና አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቷን መልሰው እንዲያስገቧት ለመንኳቸው፤ ዓመቱን ብትደግም ራሴ እንደምከታተላት ማልኩ።

«አራታችሁም አይታችሁት ነበር?» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ።»

ወደ ሽመናቸው ተመለሱ።

ልጅቱ ደብተሩን ዘግታ መልሳ ሰጠችኝ። «ይውሰዱት ቲቸር፤ ለሚመጡት ልጆች ያሳዩበት» አለችኝ።

ይኸው መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እሷ አልተመለሰችም፤ አዳዲስ ልጆች ገብተዋል፣ መምሪያውም ያው ነው። ለአንዳቸውም አላሳየሁም።