በሰውነት ማጎልመሻ የወደቀችው አጥቂ

የትምህርት ቤቷ ቡድን አጥቂ የሆነችው ልጄ ዛሬ ካርዷን ይዛ መጣች። በሰውነት ማጎልመሻ ወድቃለች!

ሸማ ተራ ያለውን ሱቄን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ትምህርት ቤት ከነፍኩ።

«እትዬ፣ ክፍለ ጊዜው ላይ አትገኝም» አለኝ የስፖርት መምህሩ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ።

«የት ሄዳ?»

«ለትምህርት ቤቱ ልትጫወት።»

ሳቄ አመለጠኝ። ለእነሱ ስትሮጥ ውላ አልሮጠችም ተባለች!

«እንግዲያው ቅዳሜ ግጥሚያ የለም። ቤት ቁጭ ብላ ስፖርት ታጠናለች» አልኩት።

ይሄን የሰሙት ርዕሰ መምህሩ ከቢሯቸው ዘለው ወጡ። (አዘላለላቸውን ሳየው እሳቸው በሰውነት ማጎልመሻ ያልፋሉ።)

«ኧረ እትዬ! ጨዋታዋ እንደ ክፍለ ጊዜ ይያዝላታል» አሉኝ።

ውጤቷ እዚያው ተስተካከለ። የቀሩት የቡድኑ ልጆች ግን እናት ይዘው እስኪመጡ እንደወደቁ ናቸው።

እስቲ እናንተም አውሩን፤ የምትችሉት ነገር ላይ የጣላችሁ መምህር አለ?