ሰርጓጅ መርከቡና የወንድሜ መርዶ

ኮሮና ሰውን ሁሉ ቤቱ በዘጋበት ጊዜ በስደት አገር፣ ጀፕስታውን የሚባል ሰፈር አጠገብ፣ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ቤት እሠራ ነበር። የምኖረውም እዚያው ጓሮ ነው። ማዳም እላታለሁ፤ በእንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለ አንቺ ማለቱን ለመድኩ። ከእኔ ሌላ የምታወራው ሰው ስላልነበራት የአባቷን ሰርጓጅ መርከብ ታሪክ የሰማሁት እኔ ነኝ።

አባቷ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመርከቡ ሞተር መካኒክ ነበር። መርከቡ እስከዚህ አገር ጠረፍ ወርዶ የጭነት መርከቦችን ሲያሰጥም ከረመ። እነሱም ላይ ሰው ነበር፤ ይህን ብያታለሁ፤ አልተቆጣችም። ወደ አገሩ ሲመለስ ባትሪውን ሊሞላ ከውኃው በላይ እንደወጣ አውሮፕላን ደረሰበት። ከዘይት በቀር የተንሳፈፈ ነገር አልታየም።

"ለእናቴ አልተመለሰም ብለው ነገሯት። እሷ ግን ደበቀችኝ። ለአባቴ የሱፍ ካልሲ ስሠራ እያየች ዝም። እንዲያውም ተረከዙን አጥብቢው ትለኝ ነበር።"

እናቷን ይቅር አላለችም። በዚህ ወደድኳት።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ስልክ ማንሣት ተወ። "ምነው ጠፋህ? ኮራህብን እንዴ?" እያልኩ ድምፄን ቀድቼ እልክለት ነበር። እዚሁ ከተማ ኮዝሞ ሲቲ የሚባል ሰፈር ሱቅ ያላትን የባሌን እህት ስጠይቃት "ደህና ነው እትዬ፣ ኔትወርክ ነው" ትለኛለች።

አንድ ቀን አትክልት አመጣችልንና ከማዳም ጋር በር ላይ ተንሾካሾኩ። እሷ ስትሄድ ማዳም ወጥ ቤት ገባች። ድንች እየላጥኩ ነበር።

"ወንድምሽ ሞቷል፤ ቆይቷል። የባልሽ እህት፣ የኮሮናው እገዳ ሲነሣ ተሰብስበን እስክንነግራት አደራ፣ ዝም በይ ብላኛለች።"

"ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?"

"አንቺ ካልሲ ስትሠሪ ቁጭ ብዬ አላይም።"

ድንቹን ላጥኩ። የት እንዳለቀስኩ የራሴ ጉዳይ ነው።

እገዳው ሲላላ የባሌ እህት ሽማግሎች አስከትላ ጎህ ሳይቀድ መጣች፤ መርዶ ወጉ እንደዚያ ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ በሩን ከፈትኩ።

"ማን ነገረሽ እትዬ?"

"አንቺ አይደለሽም።"

"ለአንቺው ብለን እኮ ነው፤ ብቻሽን እንዳትሰሚ።"

"ብቻዬን አልሰማሁም።"

ሽማግሎቹን አስገብቼ ማዳም ባወጣችው ወንበር አስቀመጥኳቸው። የባሌን እህት ግን ግቢ አላልኳትም።

አሁን "ምነው ጠፋሽ?" እያለች ድምፅ ትልክልኛለች። እሰማዋለሁ። አልመልስላትም።