አያ ካሴ ፊደሉን ትተው ቁጣዬን ያዙት

«የኔታ! አሉ እንዴ?»

ዛሬ ጠዋት ደብረ ታቦር መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ እንዲህ ብለው አቀፉኝ።

አያ ካሴ ናቸው። በደርግ ጊዜ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እብናት ገጠር ተልኬ ያስተማርኳቸው ገበሬ። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ገብስና ስንዴ እንኳ በቅጡ የማልለይ የአዲስ አበባ ልጅ።

«የሐሙሲቱ መኪና የትኛው እንደሆነ ያንብቡልኝ» አሉኝ።

ላንብብልዎት?! ግንባሩ ላይ በትልቁ ተጽፎ ፊታችን ቆሟል እኮ!

«አያ ካሴ፣ ያኔ የዘመቻውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ይወጡት አልነበር?»

ይወጡት ነበር። ጣጣውም እሱ ነው። የአገሩ ሰው ትምህርት የሚያውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ የኔታ ያሉትን ተማሪው በቃሉ ይይዛል። እኔ ሞኟ «ሁሉም ማንበብ ችለዋል» ብዬ ሪፖርት ላክሁ። የዘመቻው ተቆጣጣሪ መጥቶ መጽሐፉን ዘቅዝቆ ለአያ ካሴ ሰጣቸው። ሳይደናቀፉ ቀጠሉ! በግምገማው ላይ የወረደብኝን ውርጅብኝ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«እኔም አልረሳሁም፤ ይስሙኝ» አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ።

«ላሟ ሣር በላች። ጥጃው ወተት ጠጣ። ኧረ ዝም በሉ! ያቺን ዶሮ አስወጡልኝ! ገበሬው ማሳውን አረሰ። ኡፍ፣ ምን በድዬ ነው እዚህ የላኩኝ!»

የኔው ድምፅ ነው፤ ኡፍታዬ እንኳ አልጎደለም።

«አንዲት ቃል ሳትኩ፣ የኔታ?»

አልሳቱም። እጃቸውን ይዤ መኪናው ላይ አሳፈርኳቸው።

አስተማሪ የነበራችሁ፣ ተማሪዎቻችሁ ምናችሁን ይዘው ቀሩ? እስቲ ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።